የቢሾፍቱን ቁጣ ወደ ድርድሩ ጠረጴዛ ውሰዱልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ስለ ነፃ ንግድ በየጊዜው የሚወጣው ዜና ነው። አገራችን በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስር መነገድ ጀምራለች። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደጅ ስትጠና ቆይታለች። ይህን ያህል ቀረጥ ይነሳል፣ ይህን ያህል ገበያ ይከፈታል ይባላል። ጥሩ ነው፤ ሳነበው ደስ ይለኛል። ግን በዚያ ሁሉ ዜና ውስጥ አንድም ቀን እንስሳቱን አላየኋቸውም። ሥጋ አለ፣ ቆዳ አለ፣ "የቁም እንስሳት" የሚል መስመር አለ። በሬው ራሱ፣ በጉ ራሱ፣ አህያው ራሱ የሉም። የሚግጡበት መሬትና የሚጠጡት ወንዝም አይነሳም።

እኔ ከ20 ዓመት በላይ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ነበርኩ። አብዛኛውን ዕድሜዬን የበላው ከቦረና ወደ አዳማና ሞጆ ማድለቢያዎች የሚመጣውን ኮርማ መከተብና መቀበል ነው። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

አንድ በጋ ላይ መኪናችን ተበላሽቶ፣ ከያቤሎ ኮርማ በጫነ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ መጣሁ። ተጭኖ ያለቀው ማታ ነው። ኮርማዎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ አንዱ ፊቱን ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀንዳቸው ከመኪናው ብረት ጋር በገመድ ታስሯል። ለመተኛት ቀርቶ ለመዞር ቦታ የለም። ቡሌ ሆራን አልፈን ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ከኋላ ድው የሚል ድምፅ ሰማን። ሾፌሩ አቆመ። ረዳቱ ባትሪ ይዞ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። አንዱ ወድቋል። ሌሎቹ በላዩ ላይ ቆመዋል፤ የሚቆሙበት ሌላ ቦታ ስለሌላቸው እንጂ ወደው አይደለም። ረዳቱ ጎኑን በዱላ ወጋ ወጋ አደረገው፣ ጅራቱን ይዞ ጠመዘዘው። ኮርማው አልጮኸም። አፉን ከፍቶ ዝም ብሎ ይተነፍስ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ዲላ ላይ ደግሞ ወደቀ። ሻሸመኔ ስንደርስ ማንሳቱን ተዉት።

ጠዋት አዳማ ስንገባ በሕይወት ነበር። ሲያወርዱት የፊት ጉልበቶቹ ቆዳ ተገልጦ ነጩ ይታያል። ከተጫነበት እስኪወርድ ውሃ የሚባል አፉ አልገባም። እኔ የምሞላው ቅጽ ላይ የክትባቱ ዓይነት፣ የመለያ ቁጥሩና የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። መንገድ ላይ ስንቴ እንደወደቀ፣ ስንት ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ እንደቆየ የሚጻፍበት ግን የለም። ባለው ቦታ ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ረዳቱ ገና ልጅ ነው፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ነጋዴው በአንድ ጭነት ላይ ሁለት ኮርማ ቢቀንስ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ከሱ የሚገዛው ላኪ ከሱዳንና ከሶማሌላንድ ነጋዴ ጋር በሳንቲም ይፎካከራል። ገዢው ጂዳ ወይም ዱባይ ቁጭ ብሎ ማን በርካሽ እንደሚያቀርብለት ያያል፣ በቃ። ቀረጥ ሲነሳና ድንበር ሲከፈት ይህ ፉክክር ይብሳል እንጂ አይለዝብም። ውሃ ማጠጣት ወጪ ነው። ማሳረፍ ወጪ ነው። ቆሻሻን አጣርቶ ወደ ወንዝ መልቀቅም ወጪ ነው። ስምምነቱ ራሱ "ከዚህ በታች አይወረድም" የሚል ልክ ካላበጀ፣ እንስሳውን ደህና አድርጎ የሚይዘው ነጋዴ ነው ቀድሞ የሚከስረው።

ባሕሩ ላይ ያለው ደግሞ ከመኪናውም የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አዋሲ ኤክስፕረስ የምትባል መርከብ ከአውስትራሊያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በግ ጭና ስትሄድ 2,400 ገደማ በጎች በሙቀት አለቁ። በተከታዩ ዓመት ምስሉ በቴሌቪዥን ሲወጣ የአገሩ ሰው ተቆጣ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ በ2024 በጎችን ከነሕይወታቸው በባሕር መላክን ከሜይ 2028 ጀምሮ የሚከለክል ሕግ አወጡ። ወደኛ ስንቀርብ ደግሞ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን ሱዋኪን ወደብ ላይ፣ ወደ ሳዑዲ የምትሄድ መርከብ ከ15,000 በላይ በግ እንደጫነች ሰጠመች። መጫን የሚገባት 9,000 ገደማ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ሰዎቹ ተረፉ። በጎቹ ከጥቂቶቹ በስተቀር አለቁ።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። አውስትራሊያ በሯን ስትዘጋ በባሕረ ሰላጤው የሚበላው በግ አይቀንስም። ዐረፋ በየዓመቱ ይመጣል። ታዲያ ያ በግ ከየት ሊመጣ ነው? ቅርቡ እኛ ነን። በጅቡቲና በበርበራ በኩል የሚጫነው ብዙው የኛው እንስሳ ነው። አንዱ አገር ለሕሊናው ብሎ የተወው መከራ እንዲህ ያለ ሕግ ወደሌለበት አገር ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ስል ገበያው ይቅርብን እያልኩ አይደለም። የቦረናም ሆነ የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን ሸጦ ነው ልጁን የሚያስተምረው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ድርቅ መንጋው ሲያልቅበት አይቻለሁና ገበያው ምን ማለት እንደሆነለት አውቃለሁ። የምለው፣ ገበያው ወደኛ የሚመጣ ከሆነ እንስሳው የሚጓዝበትን ሁኔታ ከመምጣቱ በፊት እንወስን ነው። ከመጣ በኋላ ማን ይሰማናል?

አሁን ወደ አህያው ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በዓለም ላይ ከኛ የበለጠ አህያ ያለው አገር የለም። 10 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። እናቴ ዳማ የምንላት አህያ ነበረቻት። ምንጩ ቁልቁል ነው፣ ሲመለሱ ደግሞ አቀበት። ዳማ ሁለት ጀሪካን በግራ ሁለት በቀኝ ጭና ያንን አቀበት ማንም ሳይነዳት ትወጣ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ራሷ ቆማ ትተነፍስና ራሷ ትቀጥላለች። አንድ ክረምት ላይ እግሯን ታመመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ውሃ እናቴ በእንስራ በጀርባዋ አመላለሰችው። እህቴ ከትምህርት ቤት ቀረች። ዳማ ተሽሏት የወጣች ቀን እናቴ ግንባሯን ቅቤ ስትቀባት አይቻለሁ፤ በዚያ ቤት ቅቤ ለማንም የሚሰጥ ነገር አልነበረም።

ለቻይና ገበያ ግን ዳማ ቆዳ ናት። ኤጂያዎ የሚባል፣ የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ መሳይ ነገር አለ። ለደም፣ ለቆንጆ ፊት፣ ለብዙ ነገር ይሆናል ብለው ይወስዱታል። የቻይና አህያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ 11 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ አሁን 2 ሚሊዮን እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። የራሳቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ቻይና ወደ አገሯ በሚገባው የአህያ ቆዳ ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ5 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ አወረደች። ወረቀት ላይ ሲያዩት ሦስት ከመቶ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን ያቺ ቁጥር ለቆዳ ነጋዴው ግልጽ መልእክት ናት፦ አምጡ። ለአህዮች የሚሠራው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ በ2024 ባወጣው ግምት በዓመት ቢያንስ 5.9 ሚሊዮን አህያ ለዚህ ይታረዳል።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሥጋውንም ቆዳውንም ወደ ውጭ የሚልክ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ተነሳ። ነውር ነው አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ሆኖ ነው የተቃወመው። ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ያን ጊዜ ከማውቃቸው የተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ በሕዝቡ አፍረው ነበር። ኢንቨስትመንት በስሜት ይባረራል ወይ፣ በግና ፍየል እያረድን አህያ ሲሆን ምን ይለየዋል፣ ነፃ ንግድ ውስጥ ልንገባ እያልን በነውር ቄራ እንዘጋለን ወይ ይሉ ነበር። እኔም መልስ አጥሮኝ ዝም አልኩ። ነውር የሚለው ቃል ከንግድ ሕግ ፊት ቦታ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ተሳስቼ ነበር። ቦታ አለው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ የተሠራ ነገር በገበያው ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። ምክንያቱ በሽታ አልነበረም። ቀረጥ ለመሰብሰብም አልነበረም። አገዳደሉ ጭካኔ ነው፣ ሕዝባችን ይህን አይቀበለውም የሚል ነበር። ካናዳና ኖርዌይ ነፃ ንግድን ይጥሳል ብለው ለዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሱ። በ2014 የድርጅቱ የይግባኝ አካል ውሳኔ ሰጠ፤ ለእንስሳት ስቃይ መቆርቆር የሕዝብ ሞራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ አገርም በዚህ ምክንያት ንግድን መገደብ ይችላል አለ። ኅብረቱ የተነቀፈው በአፈጻጸሙ ነው። ለአንዳንዱ አዳኝ የሰጠው ልዩ ፈቃድ ሚዛኑን ያልጠበቀ ነበር ተባለ፣ እሱን አስተካከለ። ክልከላው ግን ጸና።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቢሾፍቱን መልሼ አሰብኩ። አርሶ አደሩ፣ ባለ ጋሪው፣ ውሃ ቀጂዋ እናት "ነውር ነው" ያሉት ነገርና የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች "የሕዝብ ሞራል" ያሉት ነገር አንድ ነው። የሕዝባችን ቁጣ ኋላቀርነት አልነበረም። በዓለም ንግድ ሕግ ውስጥ ስም ያለው፣ አንቀጽ ያለው፣ ተከራክረው የረቱበት መብት ነው። የድርጅቱ የዕቃ ንግድ ውል የሆነው የጋት ስምምነት አንቀጽ 20 ይህንኑ ይላል፤ የሕዝብ ሞራልን ለመጠበቅ፣ የሰውን፣ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ሕይወት ወይም ጤና ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃ ይፈቀዳል። የአፍሪካው ነፃ የንግድ ቀጣና የዕቃ ንግድ ፕሮቶኮልም አንቀጽ 26 ላይ ያንኑ ደግሞታል። አገራችን ይህን ስምምነት በ2011 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። እንግዲህ ነገሩ በእጃችን አለ ማለት ነው።

በእጅ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ኬንያን እዩ። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአራት የአህያ ቄራዎች ፈቃድ ሰጠች። በ2009ኙ ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን የነበረው አህያ በ2019ኙ ቆጠራ 1.2 ሚሊዮን ሆነ። ሰው ማታ በረት ውስጥ ያስገባውን አህያ ጠዋት ያጣዋል፤ ፈልጎ ሲሄድ ቆዳው የተገፈፈ ሬሳ ጫካ ውስጥ ያገኛል። በሞያሌ በኩል የኛም አህያ በድብቅ ይሻገር ነበር። በ2020 የግብርና ሚኒስትሩ ንግዱን ከለከሉ። በ2021 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ክልከላው ተሻረ። በሹመኛ ትእዛዝ የቆመ ክልከላ በፍርድ ቤት ይወድቃል። የኛው የቢሾፍቱ መዘጋትስ በምን ላይ ነበር የቆመው? በሕዝብ ጩኸት ላይ። ጩኸት ደግሞ ይረሳል፣ ትውልድ ይቀየራል፣ ሌላ ባለሀብት በሌላ ከተማ ይመጣል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በመላው አህጉር ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። ዜናውን በሬዲዮ የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። አጠገቤ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰው ነገርኩት፤ እሱም ደስ አለው፣ እስክንወርድ ድረስ ስለ አባቱ አህያ አጫወተኝ። ትልቅ ውሳኔ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ አገር ወደ ራሱ ሕግ ካላስገባው ተፈጻሚ የሚያደርገው የለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል ያገሬ ሰው። በዚያው ላይ ሁለቱ ነገሮች ለየብቻ መሄዳቸው ያሳስበኛል፤ የአፍሪካ ኅብረት በአንድ አዳራሽ ቆዳው አይነገድ ይላል፣ በሌላው አዳራሽ ደግሞ በአባል አገሮች መካከል ከ90 ከመቶ በላይ በሚሆነው ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዲነሳ ይሠራል። ሁለቱ አዳራሾች ይነጋገሩ! የአህያው ውሳኔ በንግድ ስምምነቱ ሰነዶች ውስጥ በስሙ ይጠቀስ።

ወዳጅነትም በዚህ ላይ መልስ አይሆንም። ቻይና ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ግንኙነት ካላቸው በማደግ ላይ ካሉ ድሃ አገሮች በሚመጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ቀረጧን ዜሮ አድርጋለች፤ እኛም በዚያ ውስጥ አለን። ለቡናችንና ለሰሊጣችን እሰየው ነው። ግን ቀረጡ ሲነሳ "እንዴት ተመረተ፣ እንዴት ተያዘ" የሚል ጥያቄ አብሮ አልመጣም። ዜሮው ለቡናውም ለቆዳውም ያው ዜሮ ነው።

ሌላ ዓይነት ዜሮ እንዳለ ላሳያችሁ። የአውሮፓ ኅብረትና መርኮሱር የሚባለው የደቡብ አሜሪካ አገሮች የንግድ ማኅበር 25 ዓመት ሲደራደሩ ቆይተው በዲሴምበር 2024 ድርድሩን ቋጩ። በዚያ ሰነድ ውስጥ እንቁላል ያለ ቀረጥ የሚገባው ዶሮዎቹ ከአውሮፓ ሕግ ጋር በሚመጣጠን አያያዝ ሲያዙ ብቻ ነው። ቀረጡ ተነስቷል፣ ግን በሁኔታ ነው የተነሳው። ይህ ይቻላል ማለት ነው! በዚያው ሰነድ ውስጥ ደግሞ 99,000 ቶን የበሬ ሥጋ በ7.5 ከመቶ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ለዶሮዋ የተደረገው ሁኔታ ለበሬው አልተደረገም። የአማዞን ደን በአብዛኛው የሚመነጠረው ለከብት ግጦሽ እንደሆነ እየታወቀ። የፈረንሳይ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው አውራ ጎዳና የዘጉት ለገበያቸው ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኛ ላይ የማይፈቀደው ከሌላው ለምን ይገባል የሚለው ጥያቄያቸው ትክክል ነው።

ስለ ወንዝም አንድ ነገር ልበል፣ የማውቀውን። ሞጆ ላይ ስሠራ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ወደ ታች ባለው ወንዝ ዳር እመላለስ ነበር። አንዳንድ ቀን ውሃው ሰማያዊ አረንጓዴ መስሎ ይወርዳል፣ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። ላሞቹ ዳር ድረስ ወርደው አሽትተው ይመለሱ ነበር፤ በጋው ሲጠና ግን ሌላ ስለሌለ ይጠጡታል። ክሮም የሚባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል በዚያ ወንዝ ውስጥ መገኘቱን አጥኚዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ያ ቆዳ አውሮፓ የሚገባው ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለድሃ አገሮች በተሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነው። ጫማው ሚላኖ መስኮት ላይ ያምራል። ስለ ወንዙ በጉምሩክ በር ላይ ማንም አይጠይቅም።

የተደራዳሪዎቻችን ስጋትም ገብቶኛል። ሀብታም አገሮች "አካባቢ፣ እንስሳት" እያሉ በጓሮ በር ገበያቸውን ይዘጉብናል ይላሉ። እውነት አላቸው። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ዕቃ አይግባ የሚለው የአውሮፓው የደን ሕግ በ2023 ሲወጣ የከፋና የጅማ ገበሬ ቡናውን ያመረተበትን ማሳ በካርታ እንዲያሳይ ተጠየቀ፤ ሁለት ሦስት ጥማድ መሬት ላለው ሰው ያንን ማን ያሟላለታል? የሕጉ መነሻ ጥሩ ነው፣ ሸክሙን ግን ያለ እኛ ምክር እኛ ላይ ጣሉት። እኔ ከዚህ የምማረው ሕጉን ሌላው እስኪጽፍልን አንጠብቅ የሚለውን ነው። በአፍሪካው ስምምነት ውስጥ እኛ ራሳችን ጸሐፊ ነን። ለአርብቶ አደሩ የሚቻለውን፣ ለእንስሳውም የሚበቃውን ልክ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደግሞም ከባዶ አንነሳም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንስሳት በመኪናና በመርከብ ሲጓጓዙ እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መመሪያ አለው፤ እኛም አባል ነን፣ የአፍሪካ አገሮችም አባል ናቸው። በነፃ ንግድ ቀጣናው ውስጥ የቁም እንስሳ ንግድ በዚያ መመሪያ ይመራ ብሎ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይከብዳል? አውሮፓ ውስጥ በሬ 14 ሰዓት ከተጓዘ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርፎ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ያም አይበቃም ተብሎ እየተከራከሩበት ነው። የኛው ኮርማ ግን ያን ሌሊት የአንድ ሰዓት ዕረፍት እንኳ አላገኘም። ሱዳንም ኬንያም እኛም አንድ ልክ ከያዝን ማንም በማንም ላይ በጭካኔ አይረክስም፤ ላኪው ኮርማውን በማሳረፉ ገበያውን አያጣም። የሚደራደረው ቡድን ውስጥ ደግሞ የንግድና የሕግ ሰዎች ብቻ አይግቡ። አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ ይቀመጥ።

የአህያው ነገር በአዋጅ ይውጣ። ክልከላው በሕዝብ ሞራልና በእንስሳት ደህንነት ላይ የቆመ መሆኑ እዚያው መግቢያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ነገ ማንም ቢከሰን መልሱ ከወዲሁ የተጻፈ ይሁን። ለእርድ ብቻ ሳይሆን ለቆዳውም፣ ከነሕይወቱ በድንበር ለሚሻገረውም። ሞያሌ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛ የሚይዘው ሕግ ስጡት።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የንግድ ባለሥልጣን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ስለ ቀረጥና ስለ ገበያ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ በዚህ ስምምነት እንስሳቱ እንዴት ነው የሚጓዙት፣ ወንዙስ? መልስ ባይኖራቸው እንኳ ጥያቄው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተዘጋጅተው ይመጣሉ።

እኔም የምችለውን አለሁ። ከያቤሎ እስከ አዳማ ባለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ማቆሚያ የሚበቃ ሜዳ፣ ጥላና ውሃ ያለባቸው አራት ቦታዎች አውቃለሁ፤ አንዱ ዲላ ሳይደርሱ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ነው። መወጣጫ ቢሠራላቸውና ገንዳ ቢቀመጥባቸው ኮርማ አውርዶ ማሳረፍ ይቻላል። ይህን ነገር ልሥራ የሚል የመንግሥት አካል ካለ፣ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ፤ ቦታዎቹን አብሬ ሄጄ አሳያለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ